ለየቲሙ ሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?



የቲምን መንከባከብ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ጉርሱ፣ ልብሱና የትምህርት ቤት ደብተሩ ነው። ልጁ ሲታመም ደግሞ የመሳፈሪያና የመድኃኒት ገንዘብ እናዋጣለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ አጅሩም ከአላህ ዘንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ገንዘቡ ከተዋጣ በኋላ ስለሚመጣው ጉዳይ ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ወደ ጎንደር ለቀዶ ሕክምና የተላከ የቲም ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አንዲት ቅጽ ትመጣለች። ስለ በሽታውና ስለ ሕክምናው ተነግሮኝ ተስማምቻለሁ የምትል ናት፤ ከግርጌዋም ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይፈለጋል። ጣቱን የሚያኖረው ማን ነው? አጎትየው ነውን? እናቲቱ ናትን? ወይስ ወጪውን የሸፈነው ማኅበር የላከው ሰው? ጣቱን ያኖረው ሰውስ ምን እንደ ተነገረው ቢጠየቅ መመለስ ይችላልን?

በአካባቢያችን ብዙ ጊዜ የሚሆነው የታወቀ ነው። ወንዶቹ ገብተው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራሉ፤ እናቲቱ ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ወጥተው «ጨርሰናል፤ ነገ ይሠራለታል» ይሏታል፤ እርሷም መርቃ ዝም ትላለች። ልጁን የጠየቀው የለም። ይህ ሁሉ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ እንዲያውም ከእዝነት የመጣ ነው። የሟች ወንድም ልጅ እንዳይሞት የሚሯሯጥ አጎት ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ይሁን እንጂ የየቲም አካል እንደ የቲም ገንዘብ ሁሉ አማና ነው። በገንዘቡ ላይ ያለ እውቀት መወሰን ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለ አካሉ ግን እንዲሁ ስንጨነቅ አንታይም።

የሕክምና ሰዎች ይህን ነገር «በመረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት» ይሉታል። እኛ በቀላሉ «አውቆ መፍቀድ» እንበለው። በሽተኛው ወይም ስለ እርሱ የሚወስነው ሰው የበሽታውን ምንነት፣ ሊደረግ የታሰበውን፣ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት፣ ሌላ አማራጭ ካለም እርሱን፣ ባይደረግስ ምን እንደሚመጣ በሚገባው ቋንቋ ሰምቶ፣ ሳይገደድ ሲፈቅድ ነው አውቆ ፈቀደ የሚባለው። ፊርማው የዚህ ሁሉ ማስረጃ ነው እንጂ ራሱ ፈቃዱ አይደለም።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ጠባይ ማስተዋል ይገባል። በእኛ ዘንድ «እሺ» ብዙ ፊት አለው። ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ አከብርዎታለሁ ማለት ነው፤ ነገሩን እንጨርስ ማለትም ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እያልን ያደግን ሕዝብ፣ ነጭ ጋዎን ለለበሰ የተማረ ሰው «አልገባኝም፤ እንደ ገና ይንገሩኝ» ለማለት ይሉኝታ ይይዘናል። ከገጠር የመጣች ባሏ የሞተባት እናት ደግሞ ይሉኝታዋ እጥፍ ነው። ሐኪሙ እሺታዋን ሰምቶ ገብቷታል ብሎ ያልፋል፤ እርሷ ግን እሺ ያለችው ለሰውየው ክብር ነው። ሁለቱም በቅንነት ተለያዩ፤ ልጁ ግን ያልታወቀለት ፈቃድ ተሰጠበት።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ፈቃድ የመጠየቅ ነገር ከምዕራባውያን የመጣ ልማድ ነው ይላሉ። የዲናችንን መጻሕፍት ለተመለከተ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ስብስቦች ውስጥ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የተላለፈ ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻው ሕመማቸው ደክመው ሳሉ ቤተ ሰዎቻቸው በአፋቸው ጎን የሚፈስስ፣ ለዱድ የሚባለውን መድኃኒት ሰጧቸው። እርሳቸው እንዳይሰጧቸው በምልክት እየከለከሉ ነበር። በዙሪያቸው የነበሩት ግን በሽተኛ መድኃኒት መጥላቱ የተለመደ ነው ብለው አሰቡ። ሲሻላቸው ከልክያችሁ አልነበረምን ብለው ጠየቁ፤ በቤቱ ያሉትም ሁሉ፣ በድርጊቱ ካልነበሩት ከአጎታቸው ከዐባስ (ረ.ዐ.) በቀር፣ ያንኑ መድኃኒት በአፋቸው እንዲጠጡ አዘዙ። ዑለማኦች ስለዚህ ትእዛዝ ምክንያት ብዙ ተናግረዋል። ከፊሎቹ የታመሙት የጎን ውጋት መስሏቸው ለሕመማቸው የማይስማማ መድኃኒት በመስጠታቸው ነው ይላሉ። ምክንያቱ ይህም ይሁን ሌላ፣ ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው አንድ ነገር ነው፦ መናገር ያቃተው ሕመምተኛ በምልክት የሰጠው ክልከላ ክልከላ ነው። «ሕመም አስጠልቶት ነው» ማለት ለመተላለፍ ምክንያት አልሆነም። በሽተኛን የሚያስታምም ሰው ሁሉ ይህን ቃል በየቀኑ ይናገረዋልና ታሪኩን ደጋግሞ ማሰብ ይገባዋል።

ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት የሌላዋ ሴት ታሪክም አለ። የሚጥል በሽታ ያለባት ይህች ጥቁር ሴት ዱዓ እንዲያደርጉላት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀች። እርሳቸውም ሁለት ነገር አቀረቡላት፤ ብትታገሥ ጀነት አላት፣ ብትፈልግም እንድትድን ዱዓ ያደርጉላታል። ትዕግሥቱን መረጠች፤ ነገር ግን ስትወድቅ አካሏ እንዳይገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላት። ምርጫው ቀረበላት፣ መረጠች፣ በምርጫዋም ላይ የራሷን ነገር ጨመረች። አንድ ሐኪም ዛሬ ለአንዲት ድኻ ሴት ይህን ያህል ቢያደርግ ሥራውን በሚገባ ፈጸመ እንላለን።

ፉቀሃኦችም ነገሩን ወደ ሕግ አውርደውታል። ኢብን ቁዳማ በ«ሙግኒ» እንደ ገለጹት ያለ ወሊዩ ፈቃድ ሕፃንን የገረዘ ወይም እጢ የቆረጠ ሰው፣ ቁስሉ ተዛምቶ ጉዳት ካደረሰ ተጠያቂ ነው፤ ያልተፈቀደለትን ቆርጧልና። ኢብኑል ቀይም ስለ ሐኪም ተጠያቂነት በጻፉበት ቦታ የመዝሀባቸውን ሰዎች ይህንኑ ሐሳብ ካቀረቡ በኋላ፣ አዋቂ ሆኖ በጎ ያደረገ ሐኪም ምናልባት ላይጠየቅ ይችላል የሚል የራሳቸውን አስተያየት አክለዋል። ክርክሩ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እንደ ነበረ ማወቁ ራሱ ይጠቅማል። በዑስማንያ ዘመን ደግሞ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በቃዲ ፍርድ ቤት መዝገቦች ውስጥ የፊኛ ጠጠር ወይም ቡአ የሚያወጣ ሐኪምና በሽተኛ፣ ወይም የልጁ አባት፣ በምስክር ፊት ቀርበው ሞት ቢመጣ ሐኪሙ እንዳይከሰስ የተስማሙባቸው ጽሑፎች ይገኛሉ። እነዚህ ጽሑፎች ከበሽተኛው ይልቅ ሐኪሙን የሚጠብቁ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የዛሬዋም ቅጽ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ብዙም አትርቅም።

በዚሁ ምዕራፍ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በአቡ ዳውድ በተላለፈው ሐዲስ መሠረት በሕክምና እውቀቱ ሳይታወቅ ሰውን የሚያክም ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። እንግዲህ በአካባቢያችን እንጥል የሚቆርጠውና የሕፃን ግግ የሚያወጣው ሰው በእናት ፈቃድ ሠራሁ ቢል ፈቃዱ አያድነውም። እናት የልጇን ጉዳት የመፍቀድ ሥልጣን የላትም፤ አጎትም የለውም፤ ማንም የለውም። የፈቃድ ነገር የሚነሣው ለልጁ ይጠቅማል ተብሎ በአዋቂ በተመከረ ሕክምና ላይ ብቻ ነው።

በዘመናችን የፈቃድ ደንብ በዓለም የተጻፈው ከትልቅ በደል በኋላ ነው። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ በፈጸሙት ሙከራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1947 በኑረምበርግ ፍርድ ቤት የተሰጠው ውሳኔ የሰው ፈቃድ ሳይኖር ሙከራ እንዳይደረግ ደነገገ። በአሜሪካ ታስኪጊ ደግሞ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ በቂጥኝ የታመሙ ድኻ ጥቁሮች መድኃኒቱ ከተገኘም በኋላ ሳይነገራቸውና ሳይታከሙ ሲጠኑ ኖሩ። ለእኛ ወገን ግን ከሁሉ የሚቀርበው የካኖ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት እንቆይበት።

እ.ኤ.አ. በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገባ። ሕዝቧ አብዛኛው ሙስሊም የሆነባት ከተማ ናት። ወላጆች ልጆቻቸውን ተሸክመው ወደ ተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ጎረፉ። ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ባለሙያዎቹን ልኮ 200 ያህል ሕፃናትን በሙከራ ውስጥ አስገባ፤ ግማሾቹ ትሮቫን የተባለውን አዲስ መድኃኒት፣ ግማሾቹ የተለመደውን ወሰዱ። ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። ኩባንያው ሞቱን ያመጣው በሽታው ነው፤ ነርሶችም ለወላጆች በቃል ነግረው ፈቃድ ተቀብለዋል ብሎ ተከራከረ። ወላጆቹ ግን ሙከራ መሆኑን የነገረን የለም፤ በዚያው ግቢ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የታወቀውን ሕክምና በነጻ ይሰጥ እንደ ነበርም አላወቅንም አሉ። ነገሩ ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ በ2009 ኩባንያው ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

የካኖ ጉዳት በዚያ አላበቃም። በ2003 የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ሲመጣ የካኖ ሰው «ትናንት ምን አደረጋችሁን?» አለ። ለተቃውሞው ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ የ1996ቱ ትዝታ ግን ከመካከላቸው ነበር። ክትባቱ በግዛቲቱ ለወራት ተቋረጠ፤ ከዚያ የተነሣው ቫይረስም ፖሊዮ ወደ ጠፋባቸው ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተሻገረ። ያልተጠየቀ ወላጅ በሚቀጥለው ጊዜ ለሚጠቅመው ነገር እንኳ በሩን ይዘጋል። ሽባ የሆነው ግን ያ ወላጅ ሳይሆን ልጁ ነው።

አሁን ወደ ባህል እንመለስ። በምዕራቡ ዓለም የተጻፈው ደንብ በሽተኛውን ብቻውን ቆሞ የሚወስን ሰው አድርጎ ያያል። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ብቻውን አይቆምም፤ ቤተ ሰብ፣ ጎረቤት፣ ዕድርተኛ ከበውት ነው የሚታከመው። ዶክተር የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጻፉት ይህንኑ ነው። የአሜሪካ ሐኪም የማይድን በሽታ መኖሩን ለበሽተኛው በቀጥታ ይነግረዋል፤ ለኢትዮጵያዊው ግን ይህ ጭካኔ ነው። በአገራችን መርዶ እንኳ በወጉ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ኖሮ። ጸሐፊዋ ክፉ ዜና አስቀድሞ ለቤተ ሰብ እንዲነገር መክረዋል። እኛም እውነት አላቸው እንላለን፤ ነገር ግን ወጉ የመንገሩን ሁኔታ የሚመለከት እንጂ ለመደበቅ ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም። መርዶ በወግ ይነገራል እንጂ ሳይነገር አይቀርም። በሽተኛው ራሱ «ለወንድሜ ንገሩልኝ፤ እርሱ ይወስን» ካለ ይህም የእርሱ ምርጫ ነውና ይከበር። ሳይጠየቅ ሌላው ሲወስንለት ግን ባህል ብለን ልንሸፍነው አይገባም።

በወላይታ የተደረገው ሥራ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ዝሆኔ የሚባለው፣ በዘር የመጋለጥ ነገር እንዳለው ለማጥናት ተመራማሪዎች ደም መውሰድ ፈለጉ። ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ጓደኞቻቸው ግን ደም ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡ እንዴት ሊጠየቅ እንደሚገባው አስቀድመው አጠኑ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ያገኙት ነገር በቢሮ ተቀምጦ የሚገመት አልነበረም። ሰዎቹን ያስፈራቸው መርፌው ብቻ ሳይሆን ስሙ ነበር፤ በሽታው በዘር ነው ከተባለ ልጄን ማን ያገባታል የሚል ፍርሃት። ስለዚህ ጥናቱ እንዴት ቢገለጽ፣ ታማሚዎች በማን በኩል ቢጠሩ መገለሉ እንደማይብስ ታስቦ የአጠያየቁ መንገድ ተስተካከለ። አንድ ሕዝብ የሚፈራውን ሳያውቁ ፈቃድ መጠየቅ እንደማይቻል ይህ ይበቃል።

ቋንቋም የራሱ ጣጣ አለው። በጎንደር ዙሪያ ካሉ ገጠሮች ወጥተው ወደ እስራኤል የተጓዙትን ቤተ እስራኤላውያንና ዘመዶቻቸውን አባቶቻችን በጉርብትና ያውቋቸዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በዚያ አገር ቴሌቪዥን በርከት ያሉ ሴቶች ቀርበው፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ መቆያ ሠፈሮች ሳሉ በየሦስት ወሩ የሚወጋ የወሊድ መከላከያ ምን እንደ ሆነ ሳይገባን ተሰጠን፤ ክትባት የመሰለንም አለን አሉ። በሚቀጥለው ወር የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቲቱ የመርፌውን ነገር እንደ ተረዳች ጥርጣሬ ካለ እንዳይታደስላት፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲጠራ ለሐኪሞች ጻፉ። በኋላ በ2016 የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ ሴቶቹ ያለ ፈቃዳቸው ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ሁለቱ ቃሎች አይታረቁም ይባል ይሆናል፤ እኛ ግን ሁለቱም እንዴት እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ እናውቃለን። ማንም አላስገደደም፤ ማንምም አላስረዳም ይሆናል። «እሺ» ተብሏላ! ከላይ ስለ እሺ የተናገርነው እዚህ ላይ ይታያል።

በገዛ ወረዳችንም ይህ ጉዳይ ይነካናል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት የምርምር ማዕከል አቋቁሞ፣ መረጃ ሰብሳቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ልደትን፣ ሞትን፣ መግባትና መውጣትን ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ሰው በሞተበት ቤት በምን ሁኔታ እንደ ሞተም ቤተ ሰቡን ይጠይቃሉ። ከዚህ ሥራ የተገኘው እውቀት ለአገር ይጠቅማል፤ ቤታችሁን ክፈቱላቸው ብንል ደስ ይለናል። ነገር ግን አባቱ የሞተበት ቤት ሲጠየቅ ባልቴቲቱ መልስ የምትሰጠው ወዳ እንደ ሆነ፣ ባትመልስም ከጤና ጣቢያም ሆነ ከእርዳታ እንደማትከለከል ማወቅ አለባት። በሕክምናና በጥናት መካከል ያለውን ልዩነት መጠየቅ ነውር አይደለም። «ይህ ልጄን ለማዳን ነው ወይስ ለማጥናት?» የሚለው ጥያቄ አጭር ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ወረዳ በዓለምዋጭ ኤርትራውያን ስደተኞች ሲሰፍሩ ትግርኛ እንጂ አማርኛ የማይሰማ ሕመምተኛ መጣ። ለእነርሱ የአሥር ዓመት ልጃቸውን አስተርጓሚ ማድረግ ቀላል መስሎ ይታያል፤ የእናቱን የማኅፀን ሕመም ለልጅ ማስተርጎም ግን ለሁለቱም ኀፍረት ነው፤ የሚደበቀውም ይበዛል። ትግርኛ የሚያውቅ ነጋዴ ወይም አስተማሪ ከመካከላችን ይጠፋልን?

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (1952 ዓ.ም.) በቁጥር 20 ማንኛውም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል፤ ክትባትን የመሰሉ በሕግ የሚታዘዙትን ለይቶ፤ አካለ መጠን ላላደረሰው ልጅም ለጤናው የሚጠቅመውን ሕክምና እንዲያገኝ የማድረግን ሥልጣን ለአሳዳሪው ትቷል። አሳዳሪው ማን ነው ቢባል፣ በቤተ ሰብ ሕጉ (በፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም.) ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል። ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ አባቱ የሞተበት ልጅ ፈቃድ የእናቱ ነው። ሁለቱም ከሌሉ አያቶች፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እኅት፣ ከዚያ አጎትና አክስት ይከተላሉ። አጎት ከእናት በፊት የሚመጣበት አንቀጽ የለም።

በፊቅህ መጻሕፍት የወሊይነት ቅደም ተከተል ሌላ ገጽ አለው። ስለ የቲሙ ገንዘብ ሲነገር የአባት አባት፣ በኑዛዜ የተሾመ ወሲይና ቃዲ ይጠቀሳሉ፤ እናት በሐዷና፣ ማለት በማሳደግ ትታወቃለች። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ አያቶችና አጎቶች ሕክምናውም የእኛ ፈንታ ነው ይላሉ። እኛ ፈትዋ ለመስጠት አልተቀመጥንም፤ ነገር ግን ሁለት ነገር እናስታውሳለን። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ሕፃንን ጡት ማስጣል እንኳ በእናትና በአባት መዋደድና መመካከር እንዲሆን አድርጓል። ጡት ለማስጣል ምክሯ የሚፈለግ እናት ሆድ ሲቀደድ የማትጠየቅበት ምክንያት አይታየንም። ሁለተኛም፣ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 (በዙልቂዕዳ 1412 ዓ.ሂ.) በጅዳ ባደረገው ሰባተኛ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 67 ይህን ጉዳይ መርምሯል። ለአካለ መጠን ያልደረሰው ፈቃድ በወሊዩ ይሰጣል፤ ወሊዩ ግን የልጁን ጥቅም ከመጠበቅ ውጪ ሥልጣን የለውም። እምቢታው ልጁን በግልጽ የሚጎዳ ከሆነ ቃሉ አይሰማም፤ ሥልጣኑ ወደ ሌሎቹ ወሊዮች፣ ከዚያም ወደ ባለሥልጣን ያልፋል። ሕይወት በአስጊ ሁኔታ ላይ ስትሆን ፈቃድ አይጠበቅም። በተግባር እንግዲህ መንገዱ አይከብድም፦ እናቲቱ ትፈርም፣ አያትና አጎት ይመክሯት፣ ይከተሏትም።

ያው ውሳኔ ስለ ሕክምና ምርምር የተናገረው ለእኛ ለሰጪዎች የተጻፈ ይመስላል። ፈቃዱ እንደ እስረኛ ከመገደድ፣ እንደ ሚስኪንም በገንዘብ ከመታለል የጸዳ መሆን አለበት ይላል። በችሎታ ያልበቁ ልጆች ላይ ምርምር በወሊይ ፈቃድም ቢሆን አይፈቅድም። በዓለም የታወቁት የምርምር ሥነ ምግባር ደንቦች በወላጅ ፈቃድና በልጁ እሺታ መጠነኛ መንገድ ይከፍታሉና፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ለዓሊም ማቅረብ ይገባል።

ችግረኛን በገንዘብ ማባበል ግን በምርምር ብቻ አይቆምም። የወር ድጋፏን ከማኅበር የምትቀበል እናት፣ የማኅበሩ ሰው «ይህን ቀዶ ሕክምና አድርጊለት» ሲላት እምቢ ብል ድጋፉ ይቀርብኛል ብላ አታስብምን? ማንም እንዲህ አላላትም፤ እርሷ ግን ታስባለች። ስለዚህ ሰጪው ገንዘቡን ሲያወጣ ውሳኔውን እንዳልገዛ በግልጽ ሊነግራት ይገባል፤ ድጋፉ ብትፈቅድም ባትፈቅድም እንደሚቀጥል በአፉ ይናገር፣ ማሰቢያ ቀንም ይስጣት። የታመመውን ልጅ ቁስል ፎቶግራፍ አንሥቶ ለልመና ማሰራጨትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ልጁ አድጎ መድረሳ ሲገባ ያ ፎቶግራፍ በጓደኞቹ እጅ ይገኛል።

ልጁስ? በሻፊዒይ መዝሀብ የመለየት ዕድሜ ላይ የደረሰ ልጅ፣ በሰባት ዓመት ግድም፣ ወላጆቹ ከተለያዩ ከማን ጋር እንደሚኖር ይመርጣል። የት እንደሚኖር የሚሰማለት ልጅ ነገ ምን እንደሚደረግበት ሊነገረው ይገባል። «መርፌ የለም፤ ከረሜላ ልንገዛ ነው» ብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ማስገባት ውሸት ነው፤ ለልጅ የተነገረ ውሸትም ውሸት ነው። አባቱን ያጣ ልጅ ሰው እንደ ወጣ እንደሚቀር አንድ ጊዜ አይቷል። በሚገባው ቃል ይነገረው፦ ትተኛለህ፤ ስትነቃ ያምሃል፤ እናትህ አጠገብህ ትኖራለች። የሚፈራውን ይጠይቅ፤ እምቢ ካለም ለምን እንደ ሆነ ይሰማ። ውሳኔው የእናቱ ቢሆንም፣ ሊቆይ የሚችል ሕክምና ከሆነ ፍርሃቱ እስኪበርድ አንድ ሳምንት መጠበቅ ብዙ ጊዜ አይጎዳም።

የማኅበሩ ሰው እናቲቱን ሲያጅብ ከውጭ አይጠብቅ፤ ራሱም አይፈርም። ከእርሷ ጋር ገብቶ ሐኪሙ የተናገረውን በራሷ ቃል መልሳ እንድትነግረው ይጠይቃት። ከተሳሳተች ሐኪሙ ይሰማና ያርማል፤ ሐኪሞችም ይህን ይወዳሉ እንጂ አይቆጡም። «ባይደረግለትስ?» የሚለውን ጥያቄ እርሷ ከረሳችው እርሱ ያስታውሳት። ድንገተኛ ሲሆን ግን ፊርማ ፍለጋ ልጁ አይሙት፤ ሐኪሙ ሥራውን ይጀምር። ጎንደር ከዳባት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እናት ቤቷ ሳለች ልጇ ከአክስቱ ጋር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በማኅበራችን በተመዘገበው የእያንዳንዱ የቲም ካርድ ላይ፣ ከአጎቱ ስም በፊት የእናቱ ስምና የስልክ ቁጥሯ ይጻፍ፤ ስልክ ከሌላትም ቶሎ የሚጠራላት የጎረቤት ቁጥር።

ወሏሁ አዕለም።